የወንድሜ ሚስት በጎተራው ውስጥ

ጎተራ የሚለውን ስም ያወጣለት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው። ኮርፐስ የሚለው ቃል አፉ ላይ አልቆም ብሎት፣ የኮምፒውተር ክፍሉን ቁልፍ ባስረከበ ቁጥር «ያ ጎተራችሁ ዛሬም ሊከፈት ነው?» ማለት አበዛ። ስሙ ከእሱ ወደ መምህራኑ፣ ከመምህራኑ ወደ ተማሪዎቹ ተዛመተና በዚያው ቀረ። ደግሞም ልኩ ነው። ነገሩ የእንግሊዝኛ አረፍተ ነገር የተከማቸበት ቦታ እንጂ ሌላ ተአምር የለውም። የሆቴል መጽሔት አለበት፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን መመሪያ አለበት፣ የጋዜጣ ዜና አለበት፣ ከመድኃኒት ካርቶን ውስጥ የሚወጣው ያ ማንም የማያነበው ወረቀት ሳይቀር አለበት፤ መምህራኑ በየዘመኑ ያዘጋጁት የመልመጃ ወረቀትም ገብቶበታል። አንድ ቃል ሲጻፍለት ኮምፒውተሩ ያ ቃል ያለበትን አረፍተ ነገር ሁሉ ለቃቅሞ ያመጣና፣ ቃሉን መሃል ላይ እያደረገ አንዱን ካንዱ ሥር ይደረድረዋል። ተማሪው የቃል ዝርዝር ሲሸመድድ አይውልም። ቃሉ ከማን ጋር እንደሚውል፣ በግራ በቀኙ ማን እንደሚቆም ወደ ታች እያየ ይለምደዋል፤ አዲስ ሰፈር የገባ ሰው ጎረቤቶቹን እንደሚለምደው ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ያደራጀችው የኮምፒውተር ክፍሉ መምህርት ናት። እንግሊዝኛ የተጻፈበት ወረቀት ወድቆ ካየች ሳታነሳ ስለማታልፍ ባልደረቦቿ ለቃሚዋ ይሏታል፤ እሷም አትቆጣም። ለቃሚዋ አንድ ሕግ አላት። ጎተራ የገባ አረፍተ ነገር አይነካም፣ አይታረምም፣ አይወጣም። አንዴ የጂኦግራፊው መምህር በወጣትነቱ ያዘጋጀው ወረቀት አሳፍሮት፣ «እባክሽ ይሄን አስተካክይልኝ፣ ሰው ይስቅብኛል» ብሎ ቢለምናት ሽንጧን ገትራ እምቢ አለች። «ሰው የጻፈውን እየቀባባን ካስቀመጥን፣ ቀጥሎ የምናሳየውን ማን ያምነናል?» አለችው። ሰውየው አኩርፎ ከረመ።

ከመምህራኑ ወረቀት ትልቁን ድርሻ የያዘው የአክስቷ ነው። አክስቷ፣ የአባቷ ታናሽ እህት፣ በዚያው ትምህርት ቤት ዕድሜዋን ሙሉ እንግሊዝኛ ስታስተምር ኖራለች። «ለምሳሌ» ሳትል ያስተማረችው ቃል ስለሌለ፣ ተማሪ የሆነ ሁሉ እትዬ ለምሳሌ እያለ ነው የሚጠራት። ባል አላገባችም፣ ልጅም አልወለደችም። የምትኖረው ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ባለችው የመምህራን ቤት ውስጥ ነው። አሁን ጡረታ ወጥታለች፤ ቤቷን ለሚተካት መምህር ልትለቅ ቀኑ ተቆርጧል። ጉልበቷም እንደ ድሮው አይታዘዝላትም።

የለቃሚዋ እናት ደግሞ መጋረጃ ሰፊ ናት። ሱቋ ገበያው ዳር ነው፤ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ውላ ቤቷም ከነሜትሯ ትገባለች። ከእትዬ ለምሳሌ ጋር ተጣልተው አያውቁም፤ ተስማምተውም አያውቁም። አባትየው በሕይወት ሳለ መሃላቸው እየተቀመጠ ነገር ያበርድ ነበር። እሱ ካረፈ ወዲህ ግን በዓይን እየተገረመሙ፣ በአፍ እየተጎነታተሉ፣ ሆኖም አንድ ሳምንት ሳይገናኙ ሳይቀሩ ኖረዋል። ለቃሚዋ በሁለቱ መሃል ነው ያደገችው፤ የአንዷን ወሬ ለሌላዋ ሳያደርሱ ማደር ምን ያህል ሥራ እንደሆነ ከማንም በላይ ታውቃለች።

እናቷ ታዲያ የአክስትየዋን ጡረታ በሰማች ማግስት፣ ጨርቅ እየቀደደች ቀና እንኳ ሳትል፣ «ያ የጓዳው ክፍል ባዶውን ከሚከርም ትግባበት በያት» አለች። እትዬ ለምሳሌ እሺ ለማለት ስንት ጊዜ ፈጀባት። የማንም ሸክም አልሆንም አለች፤ ራሴን ችዬ እኖራለሁ አለች፤ መጨረሻ ላይ እንደ ውለታ እንዲቆጠርላት በሚመስል ድምፅ፣ «እንግዲህ ካላችሁ» አለች። ይህን ጊዜ እናት ግድግዳውን ቀለም አስቀባች፣ አልጋውን ለውጣ ከፍ ያለ አስገባች፣ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ የሚደገፉት ብረት አስመታች። ስለ ብረቱ ግን ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ለቃሚዋ እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሏት አያውቅም።

ጣጣው የመጣው ከማታው ክፍል ነው። ትምህርት ቤቱ ለነጋዴዎችና ለባለሙያዎች የማታ እንግሊዝኛ ሊጀምር ነው፤ የሚማሩትም በጎተራው ነው፤ አስተማሪዋም ለቃሚዋ ናት። እናቷ ከሁሉ ቀድማ ተመዘገበች። «የጨርቅ ጥቅል ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት እስከ መቼ ሰው እለምናለሁ?» ነው ምክንያቷ።

ክፍሉ ሊጀመር ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ለቃሚዋ ለነጋዴዎቹ የሚሆኑ ቃላት እየመረጠች ብቻዋን ኮምፒውተር ክፍል ተቀምጣ ነበር። ነጋዴ መቼም ደንበኛውን ማማቱ አይቀርም ብላ፣ ቆንቋና ማለት የሆነውን የእንግሊዝኛ ቃል ጻፈችና ተጫነችው። አረፍተ ነገሮቹ ተደረደሩ። የመጀመሪያው ከጋዜጣ ነው። ከሥሩ ያለው ግን «የወንድሜ ሚስት ቆንቋና ናት፤ ለእንግዳ ሻይ ስትቀዳ ስኳሩን በዓይኗ ትሰፍራለች» ይላል። ከሱም ሥር እንደገና የወንድሜ ሚስት። ለቃሚዋ ገረማትና ግትር የሚለውን ሞከረች። «የወንድሜ ሚስት ግትር ናት፤ በቅሎ እሷን አይታ ትማራለች።» ጯሂ የሚለውን ሞከረች። «የወንድሜ ሚስት ጯሂ ናት፤ ስታወራ ጎረቤት ሬዲዮውን ይዘጋል፤ አያስፈልገውማ።» ተጠራጣሪ፣ ኩራተኛ፣ ነገረኛ፤ ክፉ ቃል በተባለ ሁሉ የወንድሜ ሚስት ከነሜትሯ ቁጭ ብላለች።

ሳቋ አመለጣት። በባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዋን እስኪያማት ሳቀች። ከዚያ ከየአረፍተ ነገሩ ጎን ምንጩን የሚያሳየውን ጽሑፍ አየች፤ የመልመጃ ወረቀት፣ እትዬ ለምሳሌ። አክስቷ ያላት ወንድም አንድ ነው። ወንድምየውም ያገባው አንዴ ነው። ክው አለች። የከተማው ሰው እናቷ ሱቅ ሲገባ ለምን እንደዚያ ፊቱ እንደሚፈካ አሁን ገባት። እናቷ የመጋረጃዋ ማማር ይመስላታል። ሰው ግን እንግሊዝኛ የተማረው በእሷ ነው።

ሁሉን እንዳለ ትታ ወደ መምህራን ቤት ሄደች። አክስቷ ሳህን በጋዜጣ እየጠቀለለች ካርቶን ውስጥ ታስቀምጣለች።

«አክስቴ፣ የመልመጃ ወረቀቶችሽን ሳይ ነበር።»

«እሰይ፣ አንድ ሰው አየልኝ።»

«የወንድሜ ሚስት የምትባል ሴትዮ በዛችብኝ።»

አክስቷ የያዘችውን ሳህን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። ከዚያ የለመደችው የክፍል ድምፅ መጣላት።

«አየሽ፣ ‹ሰውየው ግትር ነው› ብትያቸው የቱ ሰውዬ? በነጋታው ይረሱታል። ቃል እንዲያዝ ሰው ያስፈልገዋል። በእናቴ አልናገር፣ ባል የለኝ፣ ርዕሰ መምህሩን አልሰድብ። ማን ቀረ?»

«እናቴ።»

«እናትሽ ቀረች።»

ለቃሚዋ ሳቅ ሊያመልጣት ምንም አልቀራት፤ የአክስቷን ፊት ስታይ ግን ተወችው። አክስቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን ታሻሻለች።

«እናትሽ ማታ ልትማር ተመዝግባለች አይደል?»

«ሰኞ ትጀምራለች።»

«አጥፊልኝ።»

«አክስቴ፣ እኔ እኮ...»

«ሕግሽን አውቀዋለሁ። አጥፊልኝ፣ በሞቴ። እኔ እኮ እዚያ ቤት መግባት እፈልጋለሁ። ብቻዬን መብላት ሰልችቶኛል። ይሄን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ላንቺ ነው የምናገረው።»

ለቃሚዋ አክስቷ እንደዚያ ስትለምን ሰምታ አታውቅም ነበር። አንጀቷን በላቻት። ተመልሳ ኮምፒውተር ክፍል ገባችና፣ የጂኦግራፊውን መምህር ያስኮረፈችበትን ሕግ በገዛ እጇ አፈረሰችው። የወንድሜ ሚስት ያለበትን አረፍተ ነገር ሁሉ አወጣች፤ ክፉ ቃል ያለበትን እየመረጠች ከጎተራው ነቀለች። ብዙ ስለነበር እስከ መጨረሻው አላነበበችውም፤ ክፉ ቃል ብልጭ ካለላት በቃ፣ ወጣ። ነገር መጣል የማይሆንላት ሰው ስለሆነች ግን የወጣውን ሌላ ቦታ አስቀመጠችው። ስትጨርስ የቀረው ደግ ደጉ ብቻ ነው። ቀረብኝ የምትለው ነገር አልነበራትም፤ እንዲያውም ሸክም የወረደላት መሰላት።

ሰኞ ማታ ተማሪዎቹ ገቡ። ፀጉር አስተካካዩ፣ የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ፣ የጭነት መኪና ሹፌሩ፣ መድኃኒት ቤት የምትሠራዋ ልጅና እናት። እናት የፊተኛውን ወንበር ያዘች። ለቃሚዋ እንዴት ወደ ታች እንደሚነበብ ካሳየቻቸው በኋላ፣ «እስቲ እያንዳንዳችሁ ከሥራችሁ አንድ ቃል ጻፉ» አለቻቸው። ሹፌሩ ጎማ ጻፈ። እናት በሁለት ጣት እየፈለገች መጋረጃ የሚለውን ጻፈች፤ እሱን ከጥቅል ጨርቁ ላይ ታውቀዋለች።

የሆቴል መጽሔቱ መጋረጃ መጣ፣ የጋዜጣው መጋረጃ መጣ። ከዚያ እናት ጣቷን የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ አድርጋ አንድ መስመር ላይ ቆመች። እየነጣጠለች አነበበችው፤ የማታውቀውን ከጎኗ ያለውን እንግዳ ተቀባይ ጠየቀች። «የመጀመሪያ ክፍሌን ባገኘሁ ሳምንት የወንድሜ ሚስት መጋረጃ ሰፍታ ራሷ ሰቀለችልኝ» ይላል። እናት ምንጩን አየች። እዚያ ያለውን ስም ማንበብ አላቃታትም። ማንንም ሳትጠይቅ፣ የወንድሜ ሚስት የሚሉትን ቃላት ከመስመሩ ላይ ፊደል በፊደል ገልብጣ ጻፈችና ተጫነችው።

ለቃሚዋ ከክፍሉ ወዲያ ማዶ ሆና ታያታለች። ምን አለበት፣ የቀረው ሁሉ መልካም ነው። የወንድሜ ሚስት ሾርባ አመጣችልኝ። የወንድሜ ሚስት ፀጉሬን አጠበችኝ። የወንድሜ ሚስት ሆስፒታል ወንበር ላይ ቁጭ ብላ አደረች። የወንድሜ ሚስት ስታመም ሱቋን ዘጋች። እናት ሌሎቹ ሲያወሩ፣ ሲሳሳቁ፣ አንዴም ቀና ሳትል እንግዳ ተቀባዩን በሹክሹክታ እየጠየቀች አነበበች። ክፍሉ ሲያበቃ ኮምፒውተሩን ዘጋች። ቤት እስኪደርሱ ድረስ አንድ ቃል አልወጣትም። ለቃሚዋ ደስታ ነው ብላ ተረጎመችው።

እናት ኮቷን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ውስጥ ቆመች።

«እነዚያን አረፍተ ነገሮች ማን ነው የጻፋቸው?»

«አክስቴ ናታ። ከጎኑ ይላል እኮ።»

«ውሸትሽን ነው።»

«እማዬ...»

«ስሚኝ። አክስትሽን የማውቃት አንቺ ከመወለድሽ በፊት ነው። ያቺ ሴትዮ እኔን አመስግና መርፌ ሳታስከትል ውላ አታውቅም። ምግብሽ ይጣፍጣል ትልና ጨው ያንሰዋል ትላለች። ልጅሽ ጎበዝ ናት ትልና ወደኛ ወጥታ ነው ትላለች። ዛሬ ያየሁት ግን ተደርድሮ ተደርድሮ አንድ ክፉ ቃል የለበትም። ይሄ የሷ አፍ አይደለም። ሆስፒታሉንም ሾርባውንም ላንቺ ያወራሁልሽ እኔ ነኝ። ቁጭ ብለሽ ፈጥረሽ ጻፍሽው፤ እንድንፋቀርልሽ።»

ለቃሚዋ ፈጥሬ አልጻፍኩም ብትል እውነት ነው። አልነካሁትም ማለት ግን አትችልም።

«እኔ ክፍሉን የሰጠኋት እንድታሞግሰኝ አይደለም» አለች እናት። ድምፅዋ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር። «ተማክራችሁ ልታሞኙኝ ከሆነ ግን፣ እንደ ሕፃን ከረሜላ እየሰጣችሁ ከሆነ፣ ሌላ ቤት ትፈልግ። እንደማንዋደድ እያወቅን አብረን መኖር እንችል ነበር። እየተታለልኩ ግን አልኖርም።»

በማግስቱ እትዬ ለምሳሌ ስልክ ደውላ ካርቶኖቹን መቼ እንደሚያነሱላት ስትጠይቅ፣ እናት «ቆዪ ትንሽ» ብላ ዘጋችባት። ለቃሚዋ አጠገቧ ነበረች። አክስቷ ያንን ሁለት ቃል ሰምታ ስልኩን እንደያዘች ምን እንደምትመስል ታያት፤ አፈረች። ክፉውን ያወጣችው ደጉ እንዲታይ ብላ ነበር። ክፉው ሲወጣ ግን ደጉን የሚያምነው ጠፋ። ለጂኦግራፊው መምህር ያን ሁሉ ንግግር አድርጋለት፣ ራሷ ሲደርስባት ከእሱ ብሳ ተገኘች።

ቅዳሜ ጠዋት ለቃሚዋ ወደ እናቷ ሱቅ ሄዳ ቆመች። እናት ለደንበኛ ጨርቅ ትለካለች።

«እማዬ፣ ትምህርት ቤት ድረስ አብረሽኝ ነይ።»

«ሱቄን ዘግቼ?»

«ሱቅሽን ዘግተሽ። የደበቅሁሽ ነገር አለ።»

እናት ልጇን ከላይ እስከ ታች አየቻት። ደንበኛውን ሸኘች፤ በሩንም ዘጋች።

ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ማንም አልነበረም። ለቃሚዋ እናቷን አስቀምጣ፣ ነቅላ ያወጣችውን ሁሉ ዓይኗ እያየ ወደ ቦታው መለሰችው። «ሰኞ ያየሽው እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ሌላውን እኔ ነኝ ያወጣሁት» አለቻት። ከዚያ የወንድሜ ሚስት የሚለውን ጻፈችና እንዲወርድ ተወችው። ወረደ፤ ረጅም ነበር።

እናት መጀመሪያ ያረፈችበት መስመር ላይ ጣቷን አደረገች። «ይሄ ቃል ምንድነው?»

«ቆንቋና።»

እናት ጣቷን ወደ ታች አወረደች።

«ይሄኛውስ?»

«ግትር። በቅሎ እሷን አይታ ትማራለች ነው የሚለው።»

«ይሄስ ሬዲዮ ያለበት?»

ለቃሚዋ ነገረቻት። እናት አፏን በእጇ ያዘች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። እያለቀሰች መስሏት ልጅቷ ደነገጠች። ሳቅ ነው። «እሷው ናት» አለች እናት፣ ዕንባዋን እየጠረገች። «አሁን ገና የሷ ሆነ። በድምፅዋ ሰማሁት እኮ። ለዚህ ነው እንዴ ያ ሁሉ ሰው ሱቄ እየገባ ጥርሱን የሚያሳየኝ?»

«ሳይሆን አይቀርም።»

«እኔ ደግሞ መጋረጃዬን ወደውት ይመስለኝ ነበር።»

ከዚያ ከላይ ጀመረች። አሁን ክፉውም ደጉም እንደተጻፈው ተደባልቆ ነው የሚወርደው፤ ከነገረኛዋ ሥር ሾርባ ያመጣችው፣ ከኩራተኛዋ ሥር ፀጉር ያጠበችው። ሰኞ ያነበበቻቸው መስመሮች ላይ ስትደርስ ጣቷ እየቆየ ሄደ። ለቃሚዋ አልቸኮለችም። ውጭ ሜዳው ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ እሱ ብቻ ነው የሚሰማው።

«ስድቡንማ በፊቴም ትለኝ ነበር» አለች እናት በመጨረሻ። «እሱን ለምጄዋለሁ። ይሄን ግን አንድም ቀን አልነገረችኝም። ያን ሁሉ የሰው ልጅ ሰብስባ እየነገረች፣ ለኔ ለባለጉዳይዋ ብቻ ሳትነግረኝ።» በሜትሯ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ልጅቷ ትከሻዋን ያዘቻት፤ ነገሩ በዚሁ ያለቀ መስሏታል።

አላለቀም። እናት ወደ ታች ወረደችና አንድ መስመር ላይ ግንባሯን ቋጠረች። «ዘበኛ የሚለውን አውቄዋለሁ። እህት የሚለውንም። ይሄ የመጀመሪያው ምንድነው?»

ለቃሚዋ አየችው። ቀደም ሲል ስትነቅል ክፉ ቃል ብላ ያለፈችው፣ እስከ መጨረሻው ያላነበበችው መስመር ነው። ስታነበው ቃሉ አፏ ውስጥ ከበዳት።

«ዋሸች ነው የሚለው። ‹የወንድሜ ሚስት ለሆስፒታሉ ዘበኛ፣ እህቷ ነኝ ብላ ዋሸች።›»

እናት እጇን ከመስታወቱ ላይ አነሳች። ቀስ በቀስ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ቆንቋናውም በቅሎውም ያላደረጋትን ነገር አደረጋት። ተነሳች።

«ቆንቋና ብትለኝ ቆንቋና ነኝ። ግትርም ነኝ። ይሄ ግን...» አልጨረሰችውም። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፤ የሄደችውም ወደ ትምህርት ቤቱ በር ሳይሆን ወደ መማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ነው።

ለቃሚዋ ስትደርስ የመምህራን ቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ካርቶኖቹ ታስረዋል። ፍራሹ ተጠቅልሎ ግድግዳው ሥር ተቀምጧል፤ እትዬ ለምሳሌ እላዩ ላይ ተቀምጣለች፤ ብድግ ለማለት ሞክራ ጉልበቷ እምቢ ብሏት ተመልሳ እንደተቀመጠች ያስታውቃል። እናት ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ ፊቷ ቆማለች።

«ሁሉንም አየሁት» አለች እናት።

እትዬ ለምሳሌ የወንድሟን ሚስት ሳይሆን የወንድሟን ልጅ አየች፤ ለቃሚዋ አንገቷን ደፋች። «እንግዲያውስ ምን እላለሁ» አለች አክስት። «ሌላ ቤት እፈልጋለሁ። እውነትሽን ነው።»

«ስለ ስድቡ አይደለም የመጣሁት። ያኔ ሆስፒታል ኦፕራሲዮን ሆነሽ የተኛሽ ጊዜ፣ ዘበኛው ቤተሰብ ካልሆነ አይገባም ሲለኝ፣ እህቷ ነኝ አልኩት። አንቺ ይሄን ውሸት ብለሽ አስተማርሽበት?»

አክስት ሁለቱን እጆቿን ጉልበቶቿ ላይ አድርጋ ወለሉን አየች።

«ያን ጊዜ ውሸት ነበር» አለች። «ልደብቅሽ አልችልም። አልወድሽም ነበር እኮ። ያለኝ ወንድም እሱ ብቻ ነበር፤ መጥተሽ ወሰድሽው። አንቺም ጉረኛ ናት ትዪኝ ነበር። ነርሷ እህትሽ መጣች ስትለኝ፣ እህት የለኝም ብዬ ነበር። በሩ ላይ ያልሽው ውሸት ነው። ሲነጋ ግን፣ እዚያ ወንበር ላይ አድረሽ፣ አንገትሽ ተጣሞ፣ ፊቴን ልታጥቢኝ ውሃ ይዘሽ ስትመጪ፣ ያን ጊዜ ውሸት አልነበረም።»

«ታዲያ ይሄን ለምን አልጻፍሽውም?»

«ተማሪ ምን ያደርግለታል? ይሄን መናገር የነበረብኝ ላንቺ ነው።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ዛሬ ነገ ስል አፈርኩ። ከዚያ በጣም ቆየ፤ ሲቆይ ደግሞ ይብሳል። ክፍል ስገባ ብቻ ይወጣልኝ ነበር።»

ለቃሚዋ በሩ ላይ ቆማ እናቷን ትጠብቃለች። እናቷ ፍራሹ ላይ፣ ከአክስቷ ጎን ተቀመጠች። ሁለቱም ፊት ለፊታቸው ያለውን ባዶ ግድግዳ ያያሉ።

«እኔ ለዘበኛው ስነግረው» አለች እናት፣ «እየዋሸሁ እንደሆነ ትዝ አላለኝም ነበር። ዛሬ ካንቺ ወረቀት ላይ ነው የሰማሁት።»

አክስት ፊቷን በዕቃ መጠቅለያው ጋዜጣ ልትሸፍን ፈለገች፤ እናት ጋዜጣውን ከእጇ ወሰደችባትና መሐረቧን ሰጠቻት። ለቅሶዋን እስክትጨርስ አጠገቧ ቆየች። ከዚያ ልጇን ወደ ውስጥ ጠርታ፣ ሳህን ያለበትን ካርቶን በቅድሚያ እንድታወጣ ነገረቻት።